በረዶና ፋሻ ብቻ

ሲስተር ከሠራተኞች ሊግ ጋር የተገናኘችው በባሏ ጦስ ነው። ባሏ የዳቦ ፋብሪካው ጋጋሪና የፋብሪካው ቡድን አምበል ነው። አርባ አራት ዓመቱ ነው፤ ሆዱ ከመለያው ቀድሞ ሜዳ ይገባል፤ ጉልበቱ ደረጃ ሲወጣ ቋ ቋ ይላል፤ ግን እሁድ ጠዋት ኳስ ካልነካ ሳምንቱን ሙሉ ፊቱ አይፈታም። አንድ ቀን እግሩን ለብ ባለ ውኃ እየነከረ፣ "አንቺ ሜዳው ዳር ብትኖሪ እኮ የሁላችንም ልብ ያርፋል" አላት። እሷ በትልቁ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል አሥራ ስድስት ዓመት የሠራች ነርስ ናት። የወደቀ፣ የተቃጠለ፣ መኪና የገጨው፣ መርዝ የጠጣ፣ በእጇ ያላለፈ የለም። እሺ አለችው።

ውሉ አንድ ገጽ ነበር። የሊጉ ጸሐፊ ከኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ጡረታ የወጡ፣ በፀሐይም በዝናብም ከረባታቸውን የማይፈቱ ሰው ናቸው። መስመሩን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡላት። "የመጀመሪያ ዕርዳታ ሰጪዋ በረዶ ታደርጋለች፣ ፋሻ ታስራለች፣ ቁስል ታጥባለች። የሚዋጥም ሆነ የሚወጋ መድኃኒት አትሰጥም። ከዚህ በላይ የሆነ ነገር ሲያጋጥም አምቡላንስ ታስጠራለች።"

"አምቡላንሱ እስኪመጣስ?" አለች።

"ትጠብቂያለሻ።"

"እኔስ እጠብቃለሁ። በሽታውስ ይጠብቃል?"

ጸሐፊው መነጽራቸውን አወለቁ። "ሲስተር፣ እኔ አላወጣሁትም። ነርስ ከጤና ተቋም ውጭ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መርፌ አትወጋም ይላል ሕጉ። እኔ ከሕጉ ገልብጬ ነው የጻፍኩት።"

ሕጉን ታውቀዋለች። ለምን እንደወጣም ታውቃለች። ከጥቂት ዓመታት በፊት የሌላ ሊግ ወጌሻ፣ ነጭ ጋውን ለብሶ ራሱን "ዶክተር" ያሰኘ ሰው፣ የአንድ አጥቂ ጉልበት ውስጥ የሕመም ማስታገሻ ወጋበትና ተጫወት ብሎ መልሶ አስገባው። ጉልበቱ መግል ያዘ። በስድስተኛው ቀን ሆስፒታል ሲመጣ የተቀበለችው ራሷ ሲስተር ነበረች፤ እግሩ ከጭኑ ተቆርጦ ነው የወጣው። ስለዚህ ሕጉ እንዲያው ለክፋት የተጻፈ አልመሰላትም። ፈረመች።

ግን ሕጉ አንድ ቀዳዳ ትቷል። ሐኪም አስቀድሞ በጽሑፍ ካዘዘ፣ የታወቁ ጥቂት ሕመሞች ሲያጋጥሙ ነርስ ባለችበት ቦታ መድኃኒት መስጠት ትችላለች። ሲስተር በዚያው ሳምንት ቁጭ ብላ ደብዳቤ ጻፈች፤ አንዱን ለሊጉ፣ አንዱን ለሆስፒታሉ ሜዲካል ዳይሬክተር። ሦስት ሕመም ብቻ ነው የጠየቀችው፤ ጉሮሮ የሚዘጋ አለርጂ፣ አስም፣ የስኳር መውረድ። በሁለት ወሩ ሁለተኛ ጻፈች። በአምስት ወሩ ሦስተኛ። ጸሐፊው "ለቦርድ ይቀርባል" አሉ። ዳይሬክተሩ ኮሪደር ላይ ባገኘችው ቁጥር "እናየዋለን፣ እናየዋለን" ይልና እርምጃውን ይጨምራል። እንዲህ እየተባለ ስምንት ወር አለፈ፤ እሷም በረዶ እያደረገች፣ ፋሻ እያሰረች ከረመች።

ሜዳው ከአሮጌ መጋዘን ጀርባ ነው። ግቦቹ ከውኃ ቧንቧ የተበየዱ ናቸው። በመጋዘኑ በኩል ያለው ግብ አግዳሚ ጫፉ ላይ ክዳኑ ዝጎ ወድቆ ነበርና ንቦች ገብተው ቤት ሠርተውበታል። ይህን የማያውቅ ተጫዋች የለም። የማተሚያ ቤቱ ቡድን በዚያ በኩል ሲከላከል ተጋጣሚዎቹ "ዛሬ አሥራ ሁለት ናችሁ፣ ንቦቹም ለእናንተ ነው የተሰለፉት" እያሉ ይቀልዱ ነበር። ቧንቧው ይደፈን ተብሎ ለሊጉ ተነግሯል። እሱም ለቦርድ ይቀርባል ተብሏል።

የማተሚያ ቤቱ በረኛ ወረቀት ቆራጭ ነው። ቁመቱ በር ላይ ጎንበስ ስለሚያስብለው ክሬኑ ነው የሚሉት። እናቱ በልጅነቱ ሞታ ታላቅ እህቱ ናት ያሳደገችው። እህቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሠላሳ አራት ዓመት የሞላውን ወንድሟን አሁንም "ሹራብ ደርብ" ትለዋለች፤ ጨዋታ አያመልጣትም፤ ዱካዋን ይዛ መጥታ መስመሩ ላይ ትቀመጥና ዳኛውን ትዘልፋለች። ክሬኑ እትዬ ሲላት ሰምቶ ሜዳው ሁሉ እትዬ ይላታል።

የዚያን ቀን የተጫወቱት ዳቦ ፋብሪካና ማተሚያ ቤት ነበሩ። ሁለተኛው አጋማሽ እንደተጀመረ የዳቦ ፋብሪካው አንድ ተጫዋች ከሩቅ መታ። ኳሷ አግዳሚውን አግኝታ ወጣች። ቧንቧው እንደ ደወል ጮኸ። ከዚያ ንቦቹ ወጡ።

ሁሉም ሩጫውን አቀለጠው። ክሬኑ ግን ከግቡ ሥር ነበርና ቀድመው ያገኙት እሱን ነው። አንገቱ ላይ፣ ቅንድቡ ላይ፣ ጆሮው ሥር፣ ስድስት ወይም ሰባት ቦታ ነደፉት። እየሳቀ ነው ወደ ሲስተር የመጣው። "የገዛ ቡድኔ ነደፈኝ" አለ። እሷም ሳቀች። የንቦቹን መንደፊያ በጥፍሯ እየፋቀች አወጣችለት፤ በረዶ አደረገችለት። እትዬ ዱካዋን ይዛ መጥታ፣ "እኔ መቼም ይህን ቧንቧ ድፈኑት ብዬ ምላሴ አልቋል" አለች።

አራት ደቂቃ ያህል ቢሆን ነው። ክሬኑ ደረቱን ማከክ ጀመረ። መለያውን ገልጣ ስታየው ቆዳው በሙሉ ችፍ ብሏል። "ሲስተር" አላት፤ ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ሆኗል፤ "ምላሴ ወፈረብኝ።" ከንፈሩ ዓይኗ እያየ አበጠ። አየር ሲስብ ጉሮሮው ቀጭን ፉጨት አሰማ። የልብ ምቱን ያዘች፤ ይሮጣል፣ ግን ከጣቷ ሥር እየሳሳ ነው።

ይህን ፉጨት ታውቀዋለች። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ይህ ፉጨት ሲሰማ ማንም ማንንም አይጠይቅም።

ባሏ አምቡላንስ ደወለ። "ሠላሳ አምስት ደቂቃ ይላሉ" አለ፣ ስልኩን ከጆሮው ሳያነሳ። የማንም መኪና ይምጣ ተባለ፤ ሆስፒታሉ ግን በመኪናም ቢሆን ከግማሽ ሰዓት አያንስም። እሷ ለተረኛው ሐኪም ደወለች፤ ጠራ፣ ጠራ፣ አልተነሳም። ለዳይሬክተሩ ደወለች፤ ዝግ ነው። መልሳ ለተረኛው ደወለች። አሁንም ጠራ።

የእጅ ቦርሳዋ ውስጥ አድሬናሊን ነበራት። ሁለት ብልቃጥ፣ ሁለት መርፌ። የዘጠኝ ዓመት ልጇ ኦቾሎኒ አይስማማትም፤ አንዴ በአንድ ብስኩት ልትሞትባት ነበር። ሐኪም ያዘዘው ለልጅቷ ነው፤ ብልቃጦቹ በተጠቀለሉበት ወረቀት ላይ የልጅቷ ስም ተጽፏል። ቦርሳዋን ስትከፍት ጸሐፊው ከረባታቸውን በትከሻቸው ላይ ጥለው እያለከለኩ ደረሱ።

"ሲስተር፣ በረዶ አድርጊለት።"

"አድርጌለታለሁ።"

"አምቡላንሱ እየመጣ ነው።"

"ይህ ሰው አምቡላንሱን አይጠብቅም።"

ጸሐፊው ብልቃጡን አዩት። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ውሉን ታውቂዋለሽ። አንድ ነገር ቢሆን አንቺም ሊጉም ነው የምንጠፋው። እኔ ለአንቺ ብዬ ነው።"

ክሬኑ ቁጭ እንዳለ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ተክሎ አየር ይለምናል። ከንፈሩ መጥቆር ጀምሯል። እትዬ ከኋላው ሆና ጀርባውን በደረቷ ደግፋዋለች። አልጮኸችም፤ ሲስተርን ብቻ ነበር የምታየው። "ምን እየጠበቅሽ ነው?" አለቻት።

ሲስተር ብልቃጡን ሰበረች፤ መድኃኒቱን ሳበች፤ በቁምጣው ጠርዝ ሥር ጭኑ ላይ ወጋችው።

"ይህን አላየሁም ልል አልችልም" አሉ ጸሐፊው።

"ይዩ። ደህና አድርገው ይዩ። ሰዓቱንም ይጻፉልኝ፤ አራት ሰዓት ከሃያ ሁለት።"

የልማድ ነገር ሆኖ ጸሐፊው እውነትም ማስታወሻቸውን አውጥተው ጻፉ። ስድስት ደቂቃ ጠበቀች። ፉጨቱ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ሁለተኛውን ብልቃጥ ስታነሳ እጇ ለአንድ አፍታ ቆመ፤ የልጇ የመጨረሻው ነው። ከዚያ ሰበረችው። "አራት ከሃያ ስምንት" አለች፣ ጸሐፊውን ሳታያቸው። ጥቂት ቆይቶ ክሬኑ ረጅም ትንፋሽ ሳበ፤ ሌላ ሳበ፤ ከዚያ ማልቀስ ጀመረ። እትዬ መሀረቧን አውጥታ አፍንጫውን እንደ ሕፃን ጠረገችለት።

አምቡላንሱ የመጣው በአርባ ሰባተኛው ደቂቃ ነው። ባለሙያው ክሬኑን መርምሮ፣ "ማነው የወጋው?" አለ።

"እኔ።"

ራሱን ነቀነቀ። "እኛ ብንጠበቅ ኖሮ የምናነሳው ሬሳ ነበር" አለ፤ በሩን ዘግቶ ሄደ።

*

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ደብዳቤ ደረሳት። ከሙያ ሥነ ምግባር ኮሚቴ ነው። በሊጉ በቀረበ ሪፖርት መሠረት ሦስት ጥፋት ተመዝግቦባታል፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መርፌ መውጋት፣ ከጤና ተቋም ውጭ ማከም፣ ለሌላ ሰው የታዘዘ መድኃኒት መጠቀም። ከሥሩ፣ "ድርጊቱ በአራት ሰዓት ከሃያ ሁለትና በአራት ሰዓት ከሃያ ስምንት መፈጸሙ በማስረጃ ተረጋግጧል" ይላል።

ቆሽቷ አረረ። ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ በምሳ ሰዓት ሊጉ ቢሮ ሄደች። ጸሐፊው ገና ሲያዩዋት ወንበር ሳቡላት። አልተቀመጠችም።

"እኔ ነኝ ሰዓቱን ጻፉ ያልኩዎት" አለች።

"ሲስተር፣ ስሚኝ። ልጁ በመትረፉ ከእኔ በላይ የተደሰተ የለም። ግን ካላሳወቅሁ የሊጉ መድን ይፈርሳል። መድን የሌለው ሊግ ሜዳ አይሰጠውም። አሥራ ሁለት ቡድን ነው የሚበተነው። ባልሽን ጨምሮ።"

"ያሳውቁ። ማሳወቅዎን አልጠላሁም። ደብዳቤዎቼንስ አብረው አሳወቁ?"

ጸሐፊው ጠረጴዛቸው ላይ ያለውን ማኅተም ወደ ጎን ገፋ አደረጉ።

"ለቦርድ ቀረቡ?"

ከመሳቢያው አንድ ማኅደር አወጡ። ሦስቱም ደብዳቤ እዚያ ነበሩ፤ ማኅተም ተመትቶባቸዋል፤ ቁጥር ተሰጥቷቸዋል፤ እንዳይጨማደዱ በላስቲክ ተሸፍነዋል። አንዱም ከዚያ ክፍል ወጥቶ አያውቅም። የንቡ ጉዳይም ከሥራቸው ነበር።

"ቦርዱ በዓመት ሁለቴ ነው የሚሰበሰበው" አሉ ጸሐፊው። "አጀንዳው ሞልቶ ነበር።"

"በምን ሞላ?"

"በመለያ ቀለም ጉዳይ" አሉ፤ ራሳቸውም ሳያፍሩ አልቀሩም፣ ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።

ሲስተር የተቀበሉበትን ቁጥር በእጇ ላይ ጻፈችና ወጣች። የተናደደችው በጸሐፊው ብቻ ቢሆን ይቀላት ነበር። ሰውየው ክፉ አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ሰድባቸው በወጣላት። ልቧን ያቃጠለው፣ አንድም ክፉ ሰው ሳይገባበት ሁሉም በየወንበሩ ተቀምጦ፣ ማኅተም እየመታ፣ አንድን ሰው ለመግደል ጥቂት ደቂቃ ብቻ መቅረቱ ነው።

ቤት ስትደርስ ባሏ ደብዳቤውን አነበበ። ደግሞ አነበበ። "ይቅርታ ብለሽ ብትፈርሚስ?" አለ። "አንድ ወረቀት ነው። ፈርሚና ይለፍ። ፈቃድሽን ቢነጥቁሽስ?"

"ለምኑ ነው ይቅርታ የምለው?"

"ለሕጉ።"

"ሕጉ ጉሮሮ አለው እንዴ? የተዘጋው የክሬኑ ጉሮሮ ነው። ያን ቀን በዚያ ግብ በኩል የሚከላከለው ያንተ ቡድን ቢሆን ኖሮ፣ በረኛችሁ እግሩን አሞት አንተ ግብ ላይ ቆመህ ቢሆን ኖሮ፣ ይቅርታ ልበልልህ ነበር? በየትኛው ቀን? በቀብርህ ማግስት?"

"እኔ ላንቺ ብዬ ነው።"

"ለእኔ ብሎ የማይናገር ሰው ጠፋ እኮ" አለች።

ባሏ ወደ ልጅቷ ክፍል ገባ። ያ ደግሞ ሌላ ቁስል ነው። የልጅቷ መድኃኒት ከፋርማሲው ጠፍቶ ሦስት ቀን ያለ አድሬናሊን ቆይታለች፤ ሲስተር ሦስቱን ቀን ከትምህርት ቤት አስቀርታት ምሳዋን በእጇ እያበላች ነው ያሳለፈችው። ስለዚህ ነገር ማንም አልከሰሳትም፤ ኮሚቴውም አልጠየቃትም። እሷ ግን በልቧ ራሷን የምትጠይቅበት እሱ ብቻ ነበር።

*

ኮሚቴው የተሰበሰበው የሆስፒታሉ አስተዳደር ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ረጅም ጠረጴዛ፣ አራት ጠርሙስ ውኃ፣ ድምፁ ንግግር የሚያቋርጥ ማራገቢያ። ሰብሳቢዋ ፀጉራቸው የሸበተ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ናቸው። በቀኛቸው የሕግ ባለሙያ፣ በግራቸው ከሌላ ሆስፒታል የመጡ ማትሮን፣ የነርሶች ኃላፊ፣ ተቀምጠዋል። ጠያቂው የሕግ ባለሙያው ነበር።

"በዕለቱ የሐኪም ትእዛዝ ነበረሽ?"

"አልነበረኝም። ሦስት ጊዜ ደውያለሁ።"

"አልነበረሽም። ቦታው የጤና ተቋም ነው?"

"የኳስ ሜዳ ነው።"

"መድኃኒቱ ለታካሚው የታዘዘ ነበር?"

"ለልጄ የታዘዘ ነበር።"

"እንግዲህ ሦስቱንም አምነሻል" አለና እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

"አራተኛውን ለምን አትጠይቁኝም?" አለች ሲስተር።

"አራተኛው ምንድነው?"

"ሰውየው አሁን የት ነው ያለው?"

የሕግ ባለሙያው ወደ ሰብሳቢዋ ዞረ። "ኮሪደሩ ላይ ተቀምጧል" አለች። "ከእህቱ ጋር መጥቶ፣ ታካሚው ቅሬታ ስላላቀረበ ምስክርነቱ አያስፈልግም ተብሎ ውጭ ተቀምጧል።"

ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን በግንባራቸው ላይ ሰቀሉ። "ሲስተር፣ እግሩ የተቆረጠውን ተጫዋች ታውቂዋለሽ?"

"የተቀበልኩት እኔ ነኝ። የቆረጡት እርስዎ ነዎት። መሣሪያ ያቀበልኩዎትም እኔ ነኝ።"

ሰብሳቢዋ ለአፍታ ትኩር ብለው አዩዋት። ምናልባት ያኔ ነው ያወቋት። "እንግዲያው ይገባሻል" አሉ ቀስ ብለው። "እኔም ብሆን እወጋው ነበር። ግን ይህን መዝገብ ላይ ካሰፈርኩ፣ ነገ ያ ወጌሻ መጥቶ ነፍስ ላድን ብዬ ነው ይለኛል። ምን ብዬ ልለያችሁ?"

ሲስተርን ከሁሉ በላይ ያበገናት ይህ ነው። እወጋው ነበር እያሉ፣ የወጋችውን ሊቀጡ ነው።

"ወጌሻው ደብዳቤ አልጻፈም" አለች። የሦስቱን ደብዳቤዎች ቅጂ፣ ለሊጉ የላከችውንም ለዳይሬክተሩ የላከችውንም፣ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። "እኔ ሕጉን አልጣስኩም አላልኩም። ሕጉ በዚህ በኩል ግቡ ባለው መንገድ ልግባ ብዬ ስምንት ወር ለምኛለሁ። ቁጥራቸው ይኸው። ማኅተማቸው ይኸው። እኔን ለስድስት ደቂቃ ከጠየቃችሁኝ፣ ስምንት ወሩን ማንን ነው የምትጠይቁት?"

የሕግ ባለሙያው ወረቀቶቹን ሳይነካ፣ "ይህ ከቀረበው ጉዳይ ውጭ ነው" አለ።

በዚህ መሐል በሩ ተከፈተ። እትዬ ናት፤ ጥበቃው ከኋላዋ "እማማ፣ አይቻልም" እያለ ይከተላታል። ጎንበስ ብሎ ክሬኑ ብቅ አለ። እትዬ ማንንም ሳትሰድብ ጠረጴዛው ዳር ቆመች። "አልቆይም" አለች። "አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ሌላ ቀን እንዲህ ያለ ነገር ቢመጣ፣ አሁን ይህችን ቀጥታችሁ ከላካችሁ በኋላ፣ ሌላዋ ነርስ መርፌውን ታወጣለች?"

የሕግ ባለሙያው "እማማ፣ ይውጡ" አለ። ማትሮኗ ግን፣ እስከዚያ ድረስ ቃል ያልተነፈሱት፣ "አታወጣም" አሉ። "እኔም ብሆን አላወጣም።"

ውሳኔው በሳምንቱ መጣ። በማኅደሯ የሚቀመጥ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ ለአንድ ዓመትም በማናቸውም የስፖርት ዝግጅት ላይ ዕርዳታ እንዳትሰጥ እገዳ። ከመጨረሻው መስመር በፊት፣ "የታካሚው ሕይወት መትረፉን ኮሚቴው በአዎንታ ተመልክቶታል" የሚል አለበት። ደብዳቤውን ያመጣላት የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ፣ ተቀብያለሁ ብለሽ ፈርሚ አላት። ሲስተር "ደርሶኛል፤ አልተቀበልኩትም" ብላ ጽፋ ፈረመችበት።

*

በሚቀጥለው እሁድ ቤቷ ልትቀር ነበር። ባሏ "እንዲያው ተመልካች ሆነሽም ቢሆን ነይ" ብሎ ነዘነዛት። ከዚያ ጭቅጭቅ ወዲህ ብዙም አልተነጋገሩም ነበር። ሄደች፤ እትዬ አጠገብ ተቀመጠች። የዕርዳታ ሰጪው ወንበር ባዶ ነው።

ዳኛው ፊሽካ ነፋ። ኳሷ መሐል ሜዳ ላይ ነበረች። የሚነካት ጠፋ።

ባሏ ሁለት እጁን መሬት ላይ ተከለ፤ አንዱን ጉልበቱን አጠፈ፤ ሌላውን አጠፈ፤ ቋ ቋ የሚለው ድምፅ መስመሩ ድረስ ተሰማ፤ በመጨረሻ ቂጡን ሣሩ ላይ አሳረፈ። ቡድኑ ተከትሎት ተቀመጠ። ከወዲያ በኩል ክሬኑ ከግቡ ራቅ ብሎ ረጅም እግሮቹን ዘረጋ። ማተሚያ ቤቱም ተቀመጠ። ዳኛው ደግሞ ነፋ። ጸሐፊው ከረባታቸውን እያስተካከሉ ሮጠው ገቡ፤ "ምንድነው ይሄ?" አሉ።

"ዕርዳታ ሰጪ እየጠበቅን ነው" አለ ባሏ።

"ሌላ ሰው ይፈለጋል። በሂደት ላይ ነው።"

"እንጠብቃለና። መጠበቅ እኮ ነው ያስተማራችሁን።"

እትዬ ሲስተርን በክርኗ ጎሰም አደረገቻት። ሲስተር አልሳቀችም፤ ዓይኗ ግን ሞላ። "ትላንትና ማታ እንኳ አልነገረኝም፣ ይሄ ጋጋሪ" አለች።

ሁለት ሳምንት እንዲህ ተቀመጡ። በሁለተኛው ሌሎቹም አሥር ቡድኖች በየሜዳቸው ተቀመጡ። በዓመት ሁለቴ የሚሰበሰበው ቦርድ በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ ተሰበሰበ። ሰብሳቢዋ ሐኪምም ለዳይሬክተሩ ደብዳቤ ጽፈውለታል ተባለ፤ ምን እንዳሉት ያየ የለም፤ ግን ስምንት ወር እናየዋለን የተባለው ትእዛዝ በአንድ ጠዋት ተፈረመ። ሦስት ሕመም፣ ሦስት መድኃኒት፣ መጠኑ፣ የሐኪሙ ፊርማ። ቃሉ በሙሉ ከሲስተር ደብዳቤ የተገለበጠ ነው። ስሟ አልተጠቀሰም። ቧንቧውም ተጠርጎ ተበየደ።

እገዳዋን ግን ማንም አላነሳላትም። በእሷ ቦታ አንድ ጡረተኛ ነርስ ተመደቡ፤ እጃቸው የረጋ፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው፤ ተጫዋቾቹ ጋሼ ይሏቸዋል። ጨዋታው የተመለሰበት እሁድ ሲስተር ሄዳ ሰላም አለቻቸው።

"የተጻፈው ትእዛዝ ደረሰዎት፣ ጋሼ?"

"አዎ፣ አንብቤ ፈርሜበታለሁ። ደህና አድርገሽ ነው የጻፍሽው።"

"መድኃኒቶቹስ?"

"እነሱም መጥተዋል።"

ቦርሳውን አየች። ፋሻ፣ አዮዲን፣ የበረዶ ላስቲክ። "የታሉ?"

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ጸሐፊው ቢሮ ናቸው። እንዳይጠፉ ተብሎ ተቆልፎባቸዋል። ሲያስፈልግ ይከፍታሉ አሉኝ።"

ቢሮው ከሜዳው ሁለት ፌርማታ ይርቃል።

ሲስተር ሜዳው ውስጥ ገባች፤ በእገዳው መግባት ይፈቀድላት አይፈቀድላት ማንም አልጠየቃትም። ሊነፋ የነበረውን የዳኛውን ፊሽካ ከአፉ ላይ ወስዳ ኪሷ ከተተች። ከዚያ ጸሐፊው ወደተቀመጡበት ዞረች። ጸሐፊው ፊቷን ሲያዩ ምን እንደመጣባቸው ገብቷቸው ኪሳቸውን መዳበስ ጀመሩ።

"ቁልፉ አብሮዎት ነው?" አለች።

"አብሮኝ ነው፣ ሲስተር።"

"ባሌ ሞተር ብስክሌት አለው። ከኋላ ይቀመጡና አብረው ይሂዱ። ያምጡት፤ ጋሼ ቦርሳ ውስጥ በእጅዎ ይክተቱት። እኔ እዚህ ቆሜ እጠብቃለሁ።"

"ሠላሳ ደቂቃ ይፈጃል እኮ" አሉ።

"ዛሬ የታመመ ሰው የለም። የዛሬውን መጠበቅ እችላለሁ።"

ጸሐፊው ከረባታቸውን ሸሚዛቸው ውስጥ ሸጉጠው ከጋጋሪው ኋላ ተፈናጠጡ። ጨዋታው የተጀመረው አርባ ደቂቃ ዘግይቶ ነው። ዳቦ ፋብሪካው አራት ለአንድ ተሸነፈ፤ ባሏ የሞተሩ ጉዞ ጉልበቴን ጨረሰው ብሎ አመካኘ። ሲስተር ወደ ቤት ስትመለስም ንዴቷ አልበረደላትም ነበር። ከእገዳዋ ገና አሥራ አንድ ወር ይቀራታል፤ በማግስቱ ጠዋት ሥራ ከመግባቷ በፊት እገዳው እንዲነሳ አራተኛዋን ደብዳቤ፣ ለኮሚቴው፣ መጻፍ ጀመረች።